አርክሎን በየሳምንቱ ለምን ይቆማል? ስለ ቶክን፣ ስለ ማዋቀሪያ ፋይልና ስለ ክሮን

ጥያቄ፦ «በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ያሉ ፋይሎችን አርክሎን በተባለው የትዕዛዝ መስመር ፕሮግራም አማካይነት ወደ ጉግል ድራይቭ እልካለሁ። ሌሊት ሌሊት በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በራሱ በሚያስነሣው የሊኑክስ አገልግሎት) እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። በእጄ ሳዝዘው ይሠራል፤ በክሮን ሲነሣ ግን የማዋቀሪያ ፋይሉን አላገኘሁትም ይላል። ፋይሉን ወደ ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ቤት ማውጫ ቀድቼ ይህን ባልፈውም፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ ‹ቶክኑ ጊዜው አልፎበታል ወይም ተሰርዟል› እያለ ይቆማል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ስላበራሁ ይመስለኛል። ላጥፋው ወይስ የጉግል የይለፍ ቃሌን ፋይሉ ውስጥ ልጻፍ? ያንኑ ፋይል ወደ ሌሎች ሁለት ሰርቨሮችም ቀድቼዋለሁ፤ በውስጡ ያሉት የይለፍ ቃሎች ተመስጥረው ስላየሁ ችግር የለውም ብዬ ነው። ልክ ነኝ?»

መልስ፦ አይደሉም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አያጥፉ፤ የጉግል የይለፍ ቃልዎንም ማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ አይጻፉ። ሁለተኛውን ቢሞክሩትም አይሆንልዎትም፤ አርክሎን ለጉግል ድራይቭ የይለፍ ቃል የሚቀበልበት ቦታ የለውም። የመጀመሪያው ግን ይቻላል፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። አካውንትዎን ያዳክማሉ፣ ከሳምንት በኋላ ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ይቆማል፣ እርስዎም ቀጥሎ የሚያጠፉት ነገር ፍለጋ ይገባሉ።

ስህተቱ የሚጀምረው አርክሎን በየሌሊቱ በእርስዎ ስም ወደ አካውንቱ ይገባል ብሎ ከማሰብ ነው። አይገባም። የገቡት እርስዎ ነዎት፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በብሮውዘር። ያን ዕለት የይለፍ ቃልዎንና ሁለተኛውን ማረጋገጫ የተቀበለው ጉግል ራሱ ነው። ለአርክሎን የደረሰው «ይህ ፕሮግራም ፋይሎቼን እንዲነካ ፈቅጃለሁ» ያሉበት ማስረጃ ብቻ ነው። ኦአውዝ የሚባለው አሠራር ይኸው ነው። ማስረጃው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የመዳረሻ ቶክን ይባላል፤ ዕድሜው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛው የማደሻ ቶክን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ባለቀ ቁጥር አዲስ የሚያስወጣው እርሱ ነው። ሁለቱም በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ «ቶክን» በሚለው መስመር ላይ ተጽፈዋል። ሌሊት ሥራው ሲነሣ የይለፍ ቃል የሚጠየቅ የለም፤ ወደ ስልክዎ የሚላክ ኮድም የለም። ስለዚህ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው በዚህ ነገር ውስጥ እጁ የለበትም።

ታዲያ በየሳምንቱ የሚሞተው የማደሻ ቶክኑ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ አልጠቀሱትም እንጂ፣ በጉግል ክላውድ ኮንሶል ላይ የራስዎን ፕሮጀክትና የራስዎን የደንበኛ መለያ (ጉግል ፕሮግራሙን የሚያውቅበት መለያ፣ ከነምስጢራዊ ቃሉ) እንደፈጠሩ «በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ» ከሚለው አነጋገርዎ መገመት አያዳግትም። መፍጠርዎ ጥሩ ነው፤ የአርክሎን መመሪያም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አዲስ ፕሮጀክት ለውጭ ተጠቃሚዎች ተብሎ ሲከፈት የፈቃድ መጠየቂያው ገጽ በሙከራ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ፕሮጀክቱ በዚህ ደረጃ ላይ እስካለ ድረስ ጉግል የሚሰጠው የማደሻ ቶክን በ7 ቀን ያበቃል። ብልሽት ወይም ቅጣት አይደለም፤ የተጻፈ ደንብ ነው። ሰዎች የሰርቨራቸውን ሰዓት ያስተካክላሉ፣ አርክሎንን አጥፍተው እንደገና ይጭናሉ፣ አካውንታቸው የተሰረቀ መስሏቸው ይደነግጣሉ። ችግሩ ግን ኮንሶሉ ውስጥ ባለ አንድ ቁልፍ ላይ ነው።

መፍትሔው ፕሮጀክቱን ከሙከራ ደረጃ አውጥቶ ወደ ሥራ ደረጃ ማሳለፍ ነው። በኮንሶሉ የፈቃድ መጠየቂያ ክፍል ውስጥ «ፐብሊሽ አፕ» የሚለውን ይጫኑ። ጉግል ፕሮግራሙን ስለማረጋገጥ ሊጠይቅዎት ይችላል። ለራስዎ ብቻ የሚጠቀሙበት ከሆነ ያን ሂደት መጨረስ አይጠበቅብዎትም፤ ፈቃድ በሚሰጡበት ጊዜ ግን «ይህ ፕሮግራም በጉግል አልተረጋገጠም» የሚል የማስጠንቀቂያ ገጽ ሊመጣ ይችላል። የፕሮግራሙ ባለቤት እርስዎ ስለሆኑ አልፈውት መሄድ ይችላሉ። በሌላ በማንኛውም ጊዜ፣ ሌላ ሰው በላከልዎት ሊንክ ላይ ይህን ገጽ ካዩ ግን ወደ ኋላ ይመለሱ። የድርጅት የጉግል ወርክስፔስ አካውንት ያላቸው ደግሞ ፕሮጀክቱን ለውስጥ ተጠቃሚዎች ብቻ ብለው መክፈት ይችላሉ፤ የ7 ቀኑ ገደብ እነርሱን አይነካም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ደረጃውን መቀየር በእጅዎ ያለውን ቶክን አያድነውም። ያ ቶክን የተወለደው ከነገደቡ ነውና ቀኑ ሲደርስ ይሞታል። ደረጃውን ከቀየሩ በኋላ «አርክሎን ኮንፊግ ሪኮኔክት» በሚለው ትዕዛዝ፣ በማዋቀሪያው ውስጥ ለድራይቩ የሰጡትን የማከማቻ ስም አስከትለው፣ ፈቃዱን እንደ አዲስ መስጠት አለብዎት። (ትዕዛዞቹን በአማርኛ ፊደል የምጽፋቸው እንዲነበቡ ነው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ይገባሉ።) ይህን ሳያደርጉ በሚቀጥለው ሳምንት ቆመ ብለው ምክሬን እንዳይረግሙ።

ሰርቨሩ ብሮውዘር ከሌለው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ብሮውዘር ባለው ኮምፒውተር ላይ ተመሳሳይ የአርክሎን ስሪት ጭኖ «አርክሎን ኦተራይዝ» በሚለው ትዕዛዝ ፈቃዱን እዚያ መቀበልና የሚወጣውን ጽሑፍ ሰርቨሩ ላይ መለጠፍ ነው። ሁለተኛው፣ አርክሎን መልሱን የሚጠብቅበትን የ53682 ፖርት በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር በሚገቡበት የተመሰጠረ ግንኙነት) ዋሻ ከራስዎ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቶክኑ በክሊፕቦርድና በመልእክት መላኪያ ውስጥ አያልፍም።

የ7 ቀኑን ደንብ ለማምለጥ የራስዎን የደንበኛ መለያ ትተው ቦታውን ባዶ ማድረግም ይችላሉ። ያን ጊዜ አርክሎን ለሁሉም ተጠቃሚዎቹ ያዘጋጀው የጋራ መለያ አሁንም ክፍት ከሆነ እርሱን ይጠቀማል፤ የሳምንቱም ችግር ይቀራል። ዋጋው ግን ፍጥነት ነው። ጉግል በእያንዳንዱ የደንበኛ መለያ ላይ የጥያቄ ብዛት ገደብ ስለሚጥል፣ በመላው ዓለም ካለ የአርክሎን ተጠቃሚ ጋር ያንኑ ገደብ ይሻማሉ። ለአንድ ቀን ሙከራ ይበቃል። ለየሌሊት ሥራ አልመክረውም።

ፈቃዱን እንደ አዲስ መስጠትዎ ካልቀረ፣ ምን ያህል ፈቃድ እንደሚሰጡም አብረው ያስቡበት። አርክሎን ሲዋቀር «ስኮፕ» ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ተጭኖ ያልፈዋል። የመጀመሪያው ምርጫ ሙሉ ድራይቩን የሚከፍት ነው፦ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መሰረዝ፣ ሁሉንም። ሌሊት ሌሊት አንድ አቃፊ ብቻ የሚልክ ሰርቨር የቤተሰብ ፎቶዎችዎንና የሥራ ሰነዶችዎን ሁሉ የማንበብ ሥልጣን ለምን ያስፈልገዋል? «ድራይቭ ፋይል» የተባለው ምርጫ ፕሮግራሙ ራሱ የፈጠራቸውን ፋይሎች ብቻ እንዲያይ ያደርጋል። ሰርቨሩ በሰርጎ ገብ ቢሰበርና ቶክኑ ቢወሰድ፣ የወሰደው ሰው የሚያገኘው መጠባበቂያ ቅጂዎቹን እንጂ መላ ድራይቭዎን አይሆንም። ለመጠባበቂያ ቅጂ ሥራ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም።

ጠባቡ ፈቃድ ግን ሁለት ነገር ያስከትላል። በብሮውዘር የፈጠሩትን አቃፊ ወይም በሌላ ፕሮጀክት በኩል የገቡ ፋይሎችን አያይም። ጉግል ድራይቭ ደግሞ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው አቃፊዎች እንዲኖሩ ይፈቅዳል። ስለዚህ ነባሩን አቃፊ ያላየው አርክሎን በዚያው ስም ሌላ ይፈጥርና ሁሉንም ነገር ከዜሮ መላክ ይጀምራል። ድንገት የቦታ መጠን ሲያልቅ ምክንያቱን ያውቁታል። ሌላው፣ ጠባቡም ፈቃድ ቢሆን የፈጠረውን የመሰረዝ ሥልጣን ያካትታል። አርክሎን ድራይቭ ላይ ሲሰርዝ፣ ካልተለወጠ በስተቀር፣ ፋይሉን ወደ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚልከው፤ መጣያው ደግሞ በ30 ቀን ይጸዳል። ቶክኑን የያዘ ክፉ ሰው ግን መጣያ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። መጠባበቂያ ቅጂዎ በዚህ አንድ ቦታ ብቻ የሚገኝ ከሆነ የትኛውም የማረጋገጫ ቅንብር ከዚህ አያድንዎትም።

አሁን ወደ ክሮኑ። «በእጄ ሲሆን ይሠራል፣ በክሮን አይሠራም» የሚለው አቤቱታ ከማረጋገጫ ጋር አይገናኝም፤ ፕሮግራሙን የሚያስነሣው ተጠቃሚ ማን ነው የሚል ጥያቄ ነው። አርክሎን በሊኑክስ ላይ ማዋቀሪያውን የሚፈልገው በተጠቃሚው ቤት ማውጫ ሥር፣ «ኮንፊግ» በሚለው ስውር አቃፊ ውስጥ ባለው «አርክሎን» አቃፊ ነው። እርስዎ ያዋቀሩት በራስዎ ስም ነው፤ ክሮኑን ያስገቡት ግን በሩት ክሮንታብ (የክሮን ሥራዎች ዝርዝር) ውስጥ ነው። ሩት ሌላ ቤት አለው። ፕሮግራሙ እዚያ ሄዶ ፋይል ሲያጣ «ፋይሉ አልተገኘም፣ በነባሪው እቀጥላለሁ» ይልና ወዲያው ደግሞ «ይህን ስም በማዋቀሪያው ውስጥ አላገኘሁትም» ብሎ ይቆማል። የትኛውን ፋይል እንደሚያነብ ማወቅ ከፈለጉ «አርክሎን ኮንፊግ ፋይል» ብለው ይዘዙት፤ መንገዱን ያሳይዎታል። ግን ይህን ትዕዛዝ ክሮኑ በሚሠራበት ተጠቃሚ ስም ካላስነሡት የሚሰጥዎት መልስ ያሳስትዎታል።

እርስዎ የወሰዱት መፍትሔ ፋይሉን ወደ ሩት ቤት መቅዳት ነበር። ይህ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች እንዲኖሩዎት አደረገ። አንዱን ሲያድሱ ሌላው በአሮጌ ቶክን ይቀራል፤ በእጅ ሲያዙት የሚሠራው፣ ሌሊት የማይሠራው እንደገና ይመጣል። ይልቁንስ ለዚህ ሥራ ብቻ አንድ የሰርቨር ተጠቃሚ ይፍጠሩ፤ ማዋቀሪያውም በእርሱ ስም ብቻ ይኑር፤ ክሮንታቡም የእርሱ ይሁን። በትዕዛዙ ውስጥ ደግሞ «ኮንፊግ» በሚለው አማራጭ የፋይሉን ሙሉ መንገድ በግልጽ ይጻፉ። የቤት ማውጫ ግምት ውስጥ ሳይገቡ ይቀራሉ። ያ ተጠቃሚ የሚላኩትን ፋይሎች የማንበብ መብት ያስፈልገዋል፤ ይህን በቡድን አባልነት ይስጡት እንጂ ወደ ሩት አይመለሱ።

ጥንቃቄ፦ ማዋቀሪያ ፋይሉን ለደኅንነት ብለው የማይጻፍበት አያድርጉት። አርክሎን የታደሰውን ቶክን መልሶ እዚያው ይጽፋል። አጻጻፉም አዲስ ፋይል አዘጋጅቶ በአሮጌው ስም በመተካት ስለሆነ፣ ፋይሉ ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበት አቃፊም ለዚያ ተጠቃሚ የሚጻፍበት መሆን አለበት። በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ በሚያሠራው መሣሪያ) ውስጥ የሚያሠሩት ሰዎች አንዱን ፋይል ብቻ ወደ ኮንቴይነሩ አስገብተው የሚቸገሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ማስገባት ያለባቸው ሙሉ አቃፊውን ነው።

«ተመስጥሮ ስላየሁ» ያሉት ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ስህተቶችዎ ሥራውን ያቆሙብዎታል፣ ይህ ግን ምንም ሳያቆም ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያዩት ነገር ምስጠራ አይደለም። አርክሎን እንደ ኤስኤፍቲፒና ዌብዳቭ ላሉ አገልግሎቶች የይለፍ ቃል ሲያስቀምጥ የተዘባረቀ መልክ ይሰጠዋል። የሚያዘባርቅበት ቁልፍ ግን በዓለም ላይ ላለ እያንዳንዱ አርክሎን አንድ ዓይነት ነው፤ ቁልፉም ለሁሉም ክፍት በሆነው የፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ተጽፏል። ፋይሉን ያገኘ ሰው በአንድ ትዕዛዝ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ዓላማው ከጀርባዎ ቆሞ ስክሪኑን የሚያይ ሰው ቃሉን አንብቦ እንዳይይዘው ብቻ ነው፤ የፕሮግራሙ ሠሪዎችም ከዚህ በላይ አልተናገሩለትም። ቶክኖቹ ደግሞ ይህችም መሸፈኛ የላቸውም። «ቶክን» የሚለውን መስመር ይመልከቱ፤ የተዘበራረቀ የሚመስለው ጽሑፍ ራሱ ቶክኑ ነው። ያን መስመር የቀዳ ሰው፣ ከደንበኛ መለያውና ከምስጢሩ ጋር፣ የይለፍ ቃልም ስልክዎም ሳያስፈልገው የእርስዎን ፈቃድ ይዟል ማለት ነው። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውም አያስቆመውም።

እውነተኛ ምስጠራም አለ። «አርክሎን ኮንፊግ» ብለው ሲያዙ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ለማዋቀሪያው የይለፍ ቃል የሚያወጡበት ምርጫ ያገኛሉ። ያን ካደረጉ መላው ፋይል በጠንካራ ዘዴ ይመሰጠራል፤ ቃሉን ከረሱት ማንም አይመልስልዎትም፣ ማዋቀሪያውን እንደ አዲስ መሥራት ነው። በግል ላፕቶፕ ላይ ይህን ሁልጊዜ አደርገዋለሁ። በሰርቨር ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ሌሊት ክሮኑ ሲነሣ ቃሉን ማን ያስገባለታል? አብዛኛው ሰው «አርክሎን ኮንፊግ ፓስ» በሚለው የአካባቢ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ሲነሣ አብሮ የሚሰጠው እሴት) አድርጎ ቃሉን በዚያው ስክሪፕት ውስጥ ይጽፈዋል፤ ይህ በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው እንደ ሰኩ መሄድ ነው። «ፓስወርድ ኮማንድ» የተባለው አማራጭ ይሻላል፤ ቃሉን ከምስጢር ማስቀመጫ የሚያመጣ ሌላ ትዕዛዝ ይጠራል። ያም ሆኖ፣ በዚያ ተጠቃሚ ስም ትዕዛዝ ማስነሣት የቻለ ሰው ያንኑ ትዕዛዝ ራሱ ይጠራዋል። ሩትም እንዲሁ።

እንግዲህ ሰው በሌለበት በሚሠራ ማሽን ላይ የማዋቀሪያ ምስጠራ ጥቅሙ ውስን ነው። የተጣለ ወይም የተሰረቀ ዲስክ ውስጥ ያለን ፋይል ይከላከላል። በስህተት ጊት ወደተባለው የኮድ ማስቀመጫ የገባን ወይም በሌላ መጠባበቂያ ቅጂ ውስጥ አብሮ የተጠቀለለን ፋይል ይከላከላል። እነዚህ ትንሽ ነገሮች አይደሉም፤ ነገር ግን የተሰበረን ሰርቨር አይከላከልም። ለእርስዎ ሁኔታ ቅድሚያ የምሰጠው ለጠባቡ ፈቃድ፣ ለተለየው ተጠቃሚና ፋይሉ በባለቤቱ ብቻ እንዲነበብ ለሚያደርገው 600 የተባለ የፋይል መብት ነው። አርክሎን ራሱ ሲያስቀምጠው ይህን መብት ይሰጠዋል፤ በእጅ ሲገለበጥ ግን መብቱ ሊለወጥ ይችላልና የቀዷቸውን ይፈትሹ። ምስጠራውን ከዚህ በኋላ ይጨምሩት፤ ሲጨምሩትም «አስክ ፓስወርድ» የሚለውን አማራጭ ሐሰት ያድርጉት። አለበለዚያ ቃሉ ሲታጣ ሥራው የማይመጣ መልስ እየጠበቀ ሊንጠለጠል ይችላል።

ምስጢርን በትዕዛዙ መስመር ላይ እንደ አማራጭ መጻፍ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በሩጫ ላይ ያለ ትዕዛዝ ሙሉ ጽሑፉ በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ ለማንኛውም የማሽኑ ተጠቃሚ ይታያል፤ ተርሚናሉ በሚይዘው የትዕዛዞች ታሪክ ውስጥም ይቀራል። የአካባቢ ተለዋዋጭ ቢያንስ ለዚያው ተጠቃሚና ለሩት ብቻ ነው የሚታየው።

አንድን ፋይል ለሦስት ሰርቨሮች ማካፈልዎ በጉግል ላይ ሥራውን አያቆምም፤ የጉግል የማደሻ ቶክን በተጠቀሙበት ቁጥር አይለወጥምና። ሌሎች ዘንድ ግን እንዲህ አይደለም። የቦክስ ማደሻ ቶክን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ዕድሜውም 60 ቀን ነው፤ ፋይሉን በሁለት ቦታ ከተጠቀሙ አንዱ ሲያድስ ሌላው ወዲያው ዋጋ ያጣል። የማይክሮሶፍት ዋንድራይቭ ደግሞ ለ90 ቀን ካልተጠቀሙበት ያልቃል። በጉግል ላይ ያለው ችግር የመሰረዝ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሰርቨር ተሰበረ እንበል። ፈቃዱን ከአካውንትዎ ገጽ ላይ ሲያነሡ የሚነሣው ለዚያ ፕሮጀክት በጠቅላላ ስለሆነ ሦስቱም አብረው ይቆማሉ፤ የትኛው ሰርቨር ምን እንዳደረገም መለየት አይችሉም። ለእያንዳንዱ ሰርቨር የተለየ ፕሮጀክትና የደንበኛ መለያ ይክፈቱ። ከጠባቡ ፈቃድ ጋር ሲጣመር ሌላ ትርፍም አለው፦ አንደኛው ሰርቨር የሁለተኛውን ቅጂዎች ማየትም ሆነ መሰረዝ አይችልም። አሰልቺ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ሰርቪስ አካውንት ለምን አልጠቀምም?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለማሽን የተሠራ አካውንት ነው፤ ብሮውዘር አይፈልግም፣ በ7 ቀንም አያልቅም። በወርክስፔስ የጋራ ድራይቭ ላይ ለሚሠራ ድርጅት ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ለግል አካውንት ግን አይሆንም። ሰርቪስ አካውንቱ የሚልከው ፋይል ባለቤት ራሱ ይሆናል እንጂ እርስዎ አይሆኑም፤ እርስዎ የገዙትንም የማከማቻ ቦታ አይጠቀምም። አቃፊዎን ቢያጋሩትም «ቦታ የለም» የሚል ስህተት ይገጥምዎታል። የቁልፉ ፋይልም በራሱ ጊዜ የማያልቅ ስለሆነ ከቶክኑ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደ አማዞን ኤስ3 ባሉ አገልግሎቶች ላይ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አለ፤ አርክሎን ቁልፉን ከአካባቢው ወይም ማሽኑ ከተሰጠው ሚና እንዲወስድ «ኢኤንቪ ኦት» የሚለውን እውነት ካደረጉ በፋይሉ ውስጥ ምንም ምስጢር አይጻፍም።

ፋይሎቹን ከመላክዎ በፊት «ክሪፕት» በተባለው የአርክሎን ማከማቻ የሚያመሰጥሩ ከሆነ፣ ማዋቀሪያ ፋይሉ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ቶክን ቢጠፋ አዲስ ይወጣል፤ የክሪፕት የይለፍ ቃልና አብሮት የወጣው ሁለተኛ ቃል ከጠፉ ግን ድራይቩ ላይ ያለው ሁሉ ለዘላለም የማይነበብ ይሆናል። ሁለቱን ቃላት ከሰርቨሩ ውጭ በይለፍ ቃል ማስቀመጫ ውስጥ ያኑሯቸው። የማዋቀሪያውን ቅጂ በዚያው በተመሰጠረው ድራይቭ ውስጥ ብቻ ያስቀመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ከዚያ በኋላ የምለው ነገር አልነበረኝም።

እርዳታ ሲጠይቁ ማዋቀሪያ ፋይሉን እንዳለ ለማንም አይላኩ፤ ለእኔም ጭምር። ከ1.64 ስሪት ጀምሮ «አርክሎን ኮንፊግ ሪዳክትድ» የሚል ትዕዛዝ አለ፤ ምስጢሮቹን ሸፍኖ ያወጣልዎታል። ያም ቢሆን ከመላክዎ በፊት በዓይንዎ ይፈትሹት። «ዳምፕ ኦት» የሚለውን አማራጭ በርቶ የተገኘ የሥራ መዝገብም አይላኩ፤ ቶክኑ በውስጡ ይታያል። ቀደም ብለው ልከው ከሆነ መልእክቱን መሰረዝ አይበቃም። ፈቃዱን ከጉግል አካውንትዎ ገጽ ላይ ያንሡና እንደ አዲስ ይስጡ። እርስዎ ፋይሉን በሦስት ማሽኖች ላይ ስለበተኑት ይህን አሁኑኑ እንዲያደርጉት እመክራለሁ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። በመጀመሪያ የአሁኑን ፈቃድ ያንሡ፤ ሦስቱም ይቆማሉ፣ አንድ ሌሊት ይቁሙ። ለእያንዳንዱ ሰርቨር ፕሮጀክት ከፍተው ገና ከመጀመሪያው ወደ ሥራ ደረጃ ያሳልፉት። የተለየውን ተጠቃሚ ፈጥረው በእርሱ ስም፣ በጠባቡ ፈቃድ፣ ያዋቅሩት። በሩት ቤትና በሌሎቹ ቦታዎች የቀሩትን የአሮጌው ፋይል ቅጂዎች ይሰርዙ። ክሮኑን ከማመንዎ በፊት ትዕዛዙን በዚያው ተጠቃሚ ስም በእጅ ያስነሡት። የሥራ መዝገቡን ወደ ፋይል እንዲጽፍ ያድርጉ፤ ትዕዛዙ ከዜሮ ሌላ የመውጫ ቁጥር ከሰጠ (አልተሳካም ማለት ነው) ደግሞ መልእክት የሚልክልዎት ነገር ያያይዙበት። እስካሁን መቆሙን ያወቁት እንዴት ነው? በአጋጣሚ ተመልክተው ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያውቁት ፋይሉ የሚያስፈልግዎት ዕለት ሊሆን ይችላል።

በስምንተኛው ቀን መዝገቡን ይክፈቱ። ሥራው ከቀጠለ የሳምንቱ ጉዳይ ተዘግቷል። ያው «ጊዜው አልፎበታል ወይም ተሰርዟል» የሚለው ስህተት ከተመለሰ፣ የቀሩት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፦ ደረጃውን ከመቀየርዎ በፊት የወጣ ቶክን አሁንም በሥራ ላይ ነው፣ ወይም ፈቃዱን ከአካውንቱ ገጽ ላይ ያነሣ ሰው አለ፣ ወይም በስክሪፕት ደጋግመው ፈቃድ በመጠየቅ በአንድ የደንበኛ መለያ ለአንድ አካውንት ከሚፈቀዱት 100 የማደሻ ቶክኖች አልፈው አሮጌዎቹ ተጥለዋል። ለ6 ወር ያልተነካ ቶክንም ይሞታል፤ በየሌሊቱ የሚሠራ ሰርቨር ላይ ግን ይህ አያጋጥምም። ከእነዚህ መጀመሪያ የሚፈትሹት የቶክኑን የትውልድ ቀን ነው።